ዝም ያሰኘሁት ማሽን

መቼም ሲነግሩት የማይሰማ ሰው “ጆሮ ዳባ ልበስ አለ” ይባላል። እኔ ብሶብኝ ተናጋሪውን ነው ዝም ያሰኘሁት። ተናጋሪው ደግሞ ሰው አይደለም፤ ኮምፒዩተሬ ነው።

ከዩኒክስ ቤተሰብ የሚቆጠረውን ሊኑክስን፣ በተለይ ኡቡንቱ የሚባለውን፣ የምትጠቀሙ ታውቁታላችሁ። ዲስኩ ላይ የቀረው ባዶ ቦታ ከ5 በመቶ ሲያንስ “ቦታ እያለቀ ነው” የሚል ማስጠንቀቂያ ብቅ ይላል። ትዘጉታላችሁ። ቆይቶ ይመለሳል፤ እንደ አበዳሪ። አንድ ቅዳሜ የእህቴን ልጅ ጠርቼ “ይህን ለፍላፊ ዝም አሰኝልኝ” አልኩት።

“ጋሼ፣ የማይፈልጉትን ፋይል ብናጠፋ አይሻልም?” አለኝ፤ አንዴ ብቻ።

“ያልኩህን አድርግ!”

በጥቁሩ መስኮት አንዲት መስመር ጻፈ። 0.05 ይል የነበረው ልክ ዜሮ ሆነ። በቃ፣ ጸጥታ። እኔም መረቅሁት።

ማስጠንቀቂያን ዝም ማሰኘት ሁልጊዜ ጥፋት ነው አልልም። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ አምራቹ ለመጠገኛ ብሎ የለየው፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ሊሞላ ጥቂት የቀረው የዲስክ ክፍል አለ። ስለሱ መጮህ ለማንም አይበጅም፤ ሥርዓቱም ራሱ “ይህን ክፍል ተወው” የምትሉበት ቦታ አዘጋጅቷል። የኔው ግን ሥራዬ ሁሉ የሚቀመጥበት ነበር። የሞላሁትም እኔው ነኝ፤ የድሮ የፈተና ወረቀት፣ ሦስት ሦስቴ የተገለበጠ ፎቶግራፍ፣ ምኑ ቅጡ!

በ1985 ዓ.ም. ለመመረቂያ ጽሑፌ ቃል ግጥም ስሰበስብ፣ የአባቴን ድምፅ በ90 ደቂቃ ካሴት ቀድቼ ነበር። ነፍሱን ይማረው። ካሴቱ ሳይበላሽ ወደ ኮምፒዩተር ላስገባው ብዬ ተነሳሁ። በሲዲ ጥራት ሲቀዳ አንድ ደቂቃ ድምፅ 10 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። የመጀመሪያው ገጽ 45 ደቂቃ ገባ። ሁለተኛውን አዙሬ ለቅሶ ልደርስ ወጣሁ። ስመለስ ዲስኩ ሞልቶ ቀረጻው 19ኛው ደቂቃ ላይ ቆሟል። ካሴቱን ወደኋላ መልሼ እንደገና ሳጫውተው ቴፑ በላው።

ጥፋቱ የኔ መሆኑ አያከራክርም። የሚከነክነኝ የልጁ ነገር ነው። ያውቅ ነበር። አንዴ ተናገረ፣ ተቆጣሁ፣ ታዘዘ። ታዲያ ረድቶኛል ወይስ ትቶኛል? ደግሞ ቢናገር ኖሮ “ባለጌ” እንደምለው አልጠራጠርም። ለታላቅ መልስ አለመስጠት ጨዋነት ነው ብለን ያሳደግነው እኛው ነን። በማስተምርበት ዘመንም ሰሌዳው ላይ ስሳሳት እያየ አንገቱን የደፋ ተማሪ ስንት ነበር? ዝምታውን የምወስደው እንደ አክብሮት ነበር። ማሽኑ ይህን ጨዋነት አያውቅም፤ ብቆጣውም ተመልሶ ይነግረኝ ነበር። ልጁና እኔ ተባብረን ጨዋ አደረግነው።

ልኩን ወደ 0.05 አስመልሼዋለሁ። ፋይሎቹን ግን ገና አላጠፋሁም፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ሁለት ጊዜ ብቅ ብሏል።

ትናንት ልጁ ደወለ። “ጋሼ፣ ኮምፒዩተሩ አሁንም ያስቸግርዎታል?”

“የለም፣ ዝም ብሏል” አልኩት።