ለጊዜው ያለ ደመወዝ

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ዳቦ ቤት ሊከፍት አስቦ፥ ያሰበውን ሁሉ በደብተር ጽፎ አምጥቶ አሳየኝ። የቤቱ ኪራይ፥ የምድጃው ዋጋ፥ የዱቄቱ፥ የእርሾውና የመብራቱ ሒሳብ በየመስመሩ በጥንቃቄ ሰፍሯል። ከገጹ ግርጌ ስደርስ ግን እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «ሠራተኛ፤ አንድ ጋጋሪ፥ አንዲት ሻጭ (የአክስቴ ልጅ፥ ለጊዜው ያለ ደመወዝ)»።

እናንተ ሥራ ለመጀመር የምታስቡ ወጣቶች ሆይ፥ ይህን መስመር ደግማችሁ እንድታነቡት እለምናችኋለሁ። ምድጃ ያለ ዋጋ እንደማይገኝ የሚያውቅ አእምሮ፥ ሰው ያለ ዋጋ ይገኛል ብሎ እንዴት አሰበ?

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። ሱቁ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ሰባቱንም ቀን ቢከፈት በሳምንት 98 ሰዓት ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። እንግዲህ ሁለት ሻጮች ቢቀጠሩ እንኳ 2 ሰዓት ይጎድላል፤ በዚያ ባለቤቱ ራሱ ይቁም። ለአክስቱ ልጅ ግን የታሰበላት 98ቱንም ብቻዋን እንድትቆም ነው። የጋጋሪውም ነገር እንደዚሁ ነው፤ ዳቦው ለንጋት እንዲደርስ ሊጡ የሚቦካው ሌሊት ነውና፥ ሰውዬው ስድስት ሌሊት ሠርቶ ሰባተኛውን ሲያርፍ ምድጃው ፊት የሚቆመው ማን እንደ ሆነ በደብተሩ ውስጥ የለም።

ይህን ስነግረው፥ «መምህር፥ ገንዘብ የለኝም፤ ዘመድ ካልረዳኝ ማን ይረዳኛል?» አለኝ። መልሱ ቀላል አይደለም። ዘመድ ከዘመዱ፥ አህያ ከአመዱ ይባላል፤ ብዙ ሰው ዛሬ የሚኖርበትን ንግድ ያቋቋመው በወንድምና በእኅት ጉልበት ነው። ዳሩ ግን እርዳታ የሚባለው ሰጪው እምቢ ለማለት ሲችል፥ የሚያበቃበትም ቀን ሲታወቅ ነው። ልጅቱ ከገጠር መጥታ በእርሱ ቤት የምታድር ናት፤ እምቢ ብትል ወዴት ትሄዳለች? ባዕድ የሆነው ጋጋሪ ደመወዙ ቢዘገይ ይጮኻል፥ ይከሳል፤ እርሷ ግን ታፍራለች። እኛም ዝምታዋን ፈቃድ ብለን እንተረጉመዋለን።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አግኝቼ አይደለም። ጡረታ እንደ ወጣሁ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ከፍቼ የእኅቴን ልጅ አስገብቼው ነበር። «ስንጠነክር እንተሳሰባለን» አልሁት። ሁለት ዓመት ሠራ። ያ የምንጠነክርበት ቀን ግን አልመጣም፤ ቀኑን የምወስነው እኔ ነበርሁና። አንድ ቀን ማለዳ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሄደ። ውለታ ቢስ እያልሁ ስንት ጊዜ አማሁት!

ለተማሪዬም፥ «ደመወዝ ለመክፈል ካልቻልህ ሱቁን በቀን ግማሹን ብቻ ክፈት፤ ወይም ለልጅቱ ከትርፉ ድርሻ ስጣትና በወረቀት አስፍረው፤ ይህም ካልሆነልህ የመክፈቻውን ቀን ግፋው» አልሁት። ፊቱ ጠቆረ፤ ለካ ኪራዩን አስቀድሞ ከፍሎ ኖሯል። ቢሆንም ደብተሩን ገልጦ በአዲስ ገጽ ላይ የልጅቱን ስም ከምድጃው በላይ ጻፈ፤ ከጎኑ የሚያሰፍረውን ቁጥር ሲያስብ ግን ብዙ ቆየ።

እርሱ ከሄደ በኋላ እኔም የእኅቴን ልጅ የሁለት ዓመት ሒሳብ ልሠራ ተቀመጥሁ። ድምሩን አግኝቼዋለሁ። አሁን የሚቀረኝ አድራሻውን ከእኅቴ መጠየቅ ነው።