የማን ኃጢአት ነው?

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው፣ የበደለው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ሲሉ ጌታን ጠየቁት። ጌታም በደሉን በማናቸውም ላይ አላደረገም። እኛ ግን ኦቲዝም ያለበትን ሕፃን ስናይ ያንኑ ጥያቄ እንደግማለን፤ አንዳንዶቻችን እርግማን ነው፣ ሌሎቻችንም የእናት አስተዳደግ ጉድለት ነው እንላለን። ኦቲዝም ግን የአእምሮ ዕድገት ልዩነት እንጂ የማንም ቅጣት አይደለም። ፍርዳችንን ፈርታ ልጇን በቤት የደበቀች፣ ከቅዳሴም የቀረች እናት በቁምስናችን የለችምን?

ከበሮ ሲመታ ጆሮውን ይዞ የሚጮኽ ልጅ ባለጌ አይደለም፤ እኛን ደስ የሚያሰኘን ድምፅ እርሱን ያሳምመው ይሆናል። «ጸሎት ይረብሻል» ብለን ብናስወጣው ግን እናቱንም አብረን ማስወጣታችን ነው።

እንግዲህ ፍቅር ማወቅን ይጠይቃል። በቤት የዕለቱን ተግባር በቋሚ ሥርዓት እናድርግለት፤ ለውጥ ሲኖር አስቀድመን እንንገረው። በትምህርተ ክርስቶስ ክፍልም ትእዛዛችን አጭር ይሁን፤ በሥዕል እናሳየው፤ ሲጨንቀው የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ሥፍራ እናዘጋጅለት።

እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማእከልን የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ። አንዲት እናት ይህን ካደረጉ፣ አንድ ቁምስና ምን ያቅተዋል? «ማን በደለ?» ማለትን ትተን «ምን እናግዛችሁ?» እያልን የጎረቤታችንን ደጅ እናንኳኳ።