ስለ እግር እብጠትና ስለ ባልንጀራ ፍርድ

በመቱና በጎሬ፣ እንዲሁም ቀድሞ በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ውስጥ በነበረችው በበደሌ፣ እግሩ አብጦ ከሰው ርቆ የሚቀመጥ ሰው አይታችሁ ይሆናል። ሕዝቡ ደዌውን ዝሆኔ ይለዋል። አንዱ የአባቶቹ እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው ይጋባል ብሎ ይሸሻል፤ ሦስተኛውም ልጄን ከዚያ ቤት አልድርም ይላል። እንዲህም ድውዩ በእግሩ ብቻ ሳይሆን በጎረቤቶቹ አንደበት ይታመማል።

ሰውን በአካሉ መመዘን የጥንት ነገር ነው። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው፣ በስፓርታ ሽማግሌዎች የተወለደውን ሕፃን እየመረመሩ ደካማውን ወደ ገደል ያስጥሉት ነበር። ያ የአረማውያን ዘመን ነው ብለን ግን አንመካ። በትምህርቷ የታወቀችው ጀርመን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1933 ዓ.ም. ድውያን እንዳይወልዱ የሚያመክን ሕግ አወጣች፤ ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮም የአእምሮ ሕመምተኞችንና አካለ ስንኩላንን አስገደለች። እንግዲህ የዘመን መሠልጠን ብቻውን ልብን አያቀናም።

የሙሴ ሕግ ነውር ያለበት የአሮን ዘር መሥዋዕት እንዳያቀርብ ቢከለክልም፣ ከተቀደሰው እንጀራ እንዲበላ ፈቅዶለታል። ዛሬ ግን ክርስቲያን ነኝ የሚል ሰው ድውዩን ከእንጀራውም ከጽዋውም ያርቀዋል። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ኃጢአቱ የማን እንደ ሆነ በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታ በደሉን በእርሱም በወላጆቹም ላይ አልጫነም።

አሁን የደዌውን ምክንያት ስሙ። ኧርነስት ፕራይስ የተባለው ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ መርምሮ እንደ ገለጠው፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሆነው ቀይ አፈር በባዶ እግር በሚሄድ ሰው ቆዳ እየገባ በብዙ ዓመት ይጎዳዋል። በአንዳንድ ቤተሰብ ቢበረክትም እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። ጫማ ይከላከለዋል፤ ያበጠውንም እግር ዕለት ዕለት በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ በቅባት ማለስለስና በጨርቅ ማሰር ሕመሙን ያቀልለታል።

አስተውሉ፤ ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቧል። እንግዲህ ተማሪ ሆይ፣ ይህን እውነት ለማያነቡት ንገር፤ ታናሽ ወንድምህም ባዶ እግሩን እንዳይሄድ ትጋ። አንቺም የቤት እመቤት፣ ለድውዩ ጎረቤትሽ ውኃና ሳሙና አቅርቢለት፤ ቡናም ስታፈዪ ጥሪው። በዕድርና በሰርግ ስፍራውን አትንፈጉት። እግሩን ያሳበጠው አፈር ነው፤ ከማኅበር ያወጣው ግን ሰው ነው። ሰው ያወጣውንም ሰው ሊመልሰው ይችላል፤ ለዚህም እግዚአብሔር ልባችንን ያቅና። አሜን።