የሚመለከተው ማነው?

ጆርዳን ሪቨር አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1999 ካናዳ ውስጥ፣ በማኒቶባ ክፍለ ሀገር ከሚገኘው የኖርዌይ ሃውስ ክሪ ነባር ሕዝብ ተወለደ። ከባድ ሕመም ይዞ ስለተወለደ በዊኒፔግ ከተማ ሆስፒታል ተኛ። ሁለት ዓመት ሲሞላው ሐኪሞቹ ከሆስፒታል ወጥቶ በቤት ውስጥ እየተረዳ መኖር ይችላል አሉ። እሱ ግን አልወጣም። የፌዴራሉና የክፍለ ሀገሩ መንግሥታት ወጪውን ማን ይሸፍን በሚል ከሁለት ዓመት በላይ ተከራከሩ፤ ክርክሩ እስከ ሻወር ዕቃ ድረስ ወርዶ ነበር። ልጁ በ2005፣ በአምስት ዓመቱ፣ አንድም ቀን በቤተሰብ ቤት ሳይኖር አረፈ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። የ1867ቱ ሕገ መንግሥት የነባር ሕዝቦችን ጉዳይ ለፌዴራሉ መንግሥት፣ ሆስፒታሎችን ደግሞ ለክፍለ ሀገራት ሰጥቷል። ስለዚህ እያንዳንዱ ባለሥልጣን ደንቡን ጠቅሶ ጉዳዩ እኔን አይመለከትም ማለት ይችል ነበር። ጥፋቱ ያለው በጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ነው። «ልጁ ምን ያስፈልገዋል?» ከሚለው በፊት «የሚመለከተው ማነው?» ተጠየቀ። ከሁለቱ የትኛው ይቅደም የሚለው ደግሞ የሥነ ምግባር ውሳኔ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም መፍትሔው ቅንጅት ነው ይባላል፤ መሥሪያ ቤቶቹ ተቀምጠው ይወያዩ፣ የመግባቢያ ሰነድ ይፈራረሙ። ቅንጅት ግን ሥራው እንዴት እንደሚከፋፈል እንጂ እስኪከፋፈል ድረስ ማን እንደሚጠብቅ አይነግረንም። መሥሪያ ቤቶች ባልተስማሙ ቁጥር ጊዜ ይባክናል፤ የባከነውን ጊዜ ከዕድሜው የሚከፍል ሰው አለ። እኔ አጋርነት የምለው የሚጠብቀው ወገን መጠበቁን የማስቆም ሥልጣን ሲኖረው ነው።

የካናዳ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በታኅሣሥ 2007 በሙሉ ድምፅ የደገፈው «የጆርዳን መርህ» በዚህ አቅጣጫ የተራመደ ነበር፤ መጀመሪያ የተጠየቀው መንግሥት ይክፈል፣ ሒሳቡን በኋላ ይተሳሰቡ። በዚህም የመጠበቁ ሸክም ከልጁ ትከሻ ወርዶ ወደ ግምጃ ቤቱ ይሻገራል። ይሁንና መርሁን የመተርጎም ሥልጣን በነዚያው መሥሪያ ቤቶች እጅ ስለቀረ ለዓመታት እጅግ ጠባብ በሆነ መንገድ ተተረጎመ። ነፍስ የዘራው የነባር ሕዝቦች ድርጅቶች በ2007 ያቀረቡት አቤቱታ በጥር 2016 በካናዳ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ጉባኤ ሲፈረድለት ነው። ጉባኤው አድልዎ መፈጸሙን አረጋገጠ፤ በ2017 ደግሞ አስቸኳይ ጥያቄ በ12 ሰዓት፣ ሌላው በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲወሰን አዘዘ። ያው መርህ የሠራው ከቢሮዎቹ ውጭ የሚያስገድድ ኃይል ሲያገኝ ነው።

የሕዝብ ገንዘብ ጠያቂና ተጠያቂ ሊኖረው ይገባል የሚል ሙግት ይነሣል፤ ትክክል ነው። ግን ሒሳብ ቆይቶ ሊወራረድ ይችላል፤ የልጅነት ዕድሜ ካለፈ አይመለስም። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ሙግት ነው፦ ሥልጣኑን ለማኅበረሰቡ መስጠት ለመንግሥት ከኃላፊነት መሸሻ ቢሆንስ? ማኅበረሰብም አንድ ድምፅ የለውም፤ መሪዎቹ በተራቸው ቢሮ ከፍተው ደጅ ሊያስጠኑ ይችላሉ። ሥልጣኑ መሸሻ እንዳይሆን ምን እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ ምሳሌ አለ፦ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር የነባር ሕዝቦች ጤና ባለሥልጣን በ2013 የፌዴራሉን የጤና ፕሮግራሞች ሲረከብ በጀቱንም አብሮ ተረክቧል። እንዲህ መሆኑ የግድ ነው፤ ገንዘብ ያልተከተለው ሥልጣን ወቀሳን ብቻ ያወርሳል። ያም ሆኖ በጀት የያዘ ማንኛውም አካል፣ ከማኅበረሰቡ የወጣ ቢሆን እንኳ፣ በሩ ላይ ቆማ የምትጠብቅ እናት ልትጠይቀው የምትችለው መሆን አለበት።

ስለዚህ የአጋርነት ውል ከመፈረሙ በፊት አንድ አንቀጽ መነበብ ያለበት ይመስለኛል፦ ባልተስማማን ጊዜ ጊዜው የሚቆጠረው በማን ላይ ነው? መልሱ «በባለጉዳዩ ላይ» ከሆነ ውሉ የቢሮዎች ስምምነት እንጂ ከሕዝቡ ጋር የተገባ አጋርነት አይደለም።