ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሲደርሰን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሥራ ጨርሳችሁ በሌሊት የምታነቡ፣ የዓርብ ዕረፍት አጥታችሁ ቅዳሴውን በስልክ የምትከታተሉ እኅቶችና ወንድሞች፣ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ነው። «እኛን ምን አገባን? ብዙዎቻችን ባለንበት አገር ከደመወዛችን ግብር እንኳ አይቆረጥም» ትሉ ይሆናል። ነገሩ ግን ከገንዘቡ ይልቅ በሰው እጅ ስለተሰጠ ሥልጣን ነው፤ ያ ደግሞ ሁላችንንም ያገባናል።

አስቀድመን ወደ ቅዱስ መጽሐፍ እንሂድ። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 21 የናቡቴ ታሪክ ተጽፏል። ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ተመኘ፤ ናቡቴም የአባቶቹን ርስት አልሰጥም አለ። ኤልዛቤል በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጽፋ፣ በማኅተሙ አትማ ለኢይዝራኤል ሽማግሌዎች ላከች። ጾም አውጁ፣ ሁለት የሐሰት ምስክር አቁሙ፣ ናቡቴን ከሰሳችሁ በድንጋይ ውገሩት የሚል ትእዛዝ ነበር። እነርሱም አንዳች ሳይጠይቁ እንደተጻፈላቸው አደረጉ።

ልብ እንበል። የተመኘው አክዓብ ነው፤ የጻፈችው ኤልዛቤል ናት፤ ናቡቴን ግን ለሞት የሰጡት የገዛ ከተማው ሽማግሌዎች ናቸው። አብረውት ያደጉ፣ ቤቱን የሚያውቁ ሰዎች። ሁሉም ነገር ሕጋዊ መልክ ነበረው፤ ጉባኤ ነበረ፣ ምስክር ነበረ፣ ጾም እንኳ ነበረ። የጠፋው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይህን አናደርግም» የሚል አንድ ሽማግሌ።

ይህ ፈተና በአክዓብ ዘመን አላበቃም። በአሜሪካ አይ አር ኤስ የሚባል የግብር መሥሪያ ቤት አለ። ይህ መሥሪያ ቤት ሰው ምን ያህል እንደሚያገኝ፣ ለማን ምጽዋት እንደሰጠ፣ ስንት ልጆች እንደሚያሳድግ ያውቃል። «ሒሳብህን እንመረምራለን» የሚል ደብዳቤ ሲልክ ንጹሑ ሰው እንኳ ይደነግጣል፤ ለሒሳብ አዋቂና ለጠበቃ ይከፍላል፣ እንቅልፍ ያጣል። በቅንነት ሲሠራበት መንገድና ትምህርት ቤት የሚያሠራ ገንዘብ ይሰበስባል፤ በክፋት ሲሠራበት ያለ ዱላ ሰው ይመታበታል።

በፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ዘመን የሆነው ይህንን ያሳያል። ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የመሥሪያ ቤቱ ኮሚሽነር ራንዶልፍ ትሮወር ከቤተ መንግሥቱ የሚመጣው ግፊት ስላሳሰባቸው ፕሬዚዳንቱን አግኝተው ሊያስጠነቅቁ ቀጠሮ ጠየቁ። አልተፈቀደላቸውም፤ በ1971 ከሥልጣናቸው ወጡ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ፕሬዚዳንቱ የታዘዘውን ሁሉ የሚያደርግ፣ ወዳጅን ትቶ ጠላትን የሚያሳድድ ኮሚሽነር እንደሚፈልጉ ሲናገሩ ድምፃቸው በራሳቸው መቅረጫ ተቀረጸ። ተተኪው ጆኒ ዋልተርስ ሆኑ።

ሴፕቴምበር 11 ቀን 1972 የፕሬዚዳንቱ የሕግ አማካሪ ጆን ዲን ዋልተርስን ጠርተው ወደ 490 የሚጠጉ ስሞች የያዘ ዝርዝር ሰጧቸው። በዝርዝሩ ያሉት የፕሬዚዳንቱ ተፎካካሪ የጆርጅ ማክገቨርን ሠራተኞችና ደጋፊዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች እንዲመረመሩ ተፈለገ። እነሆ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ለሽማግሌው ደረሰ።

ዋልተርስ ምን አደረጉ? ይህ ጥፋት እንደሚያመጣ ለጠያቂው ፊት ለፊት ነገሯቸው። ከዚያም ወደ አለቃቸው ወደ ገንዘብ ሚኒስትሩ ጆርጅ ሹልትዝ ሄደው ጉዳዩን ገለጡ፤ ሚኒስትሩም ምንም እንዳያደርጉ ነገሯቸው። ዝርዝሩን በካዝና ቆለፉበት። ከቀናት በኋላ «የት ደረሰ?» ተብለው ሲጠየቁም አልተንቀሳቀሱም። በኋላ ዝርዝሩን ለምክር ቤቱ የግብር ኮሚቴ አስረከቡ። በ1974 የምክር ቤቱ የፍርድ ጉዳዮች ኮሚቴ በፕሬዚዳንቱ ላይ ካጸደቃቸው ክሶች በአንዱ ውስጥ፣ የግብር መሥሪያ ቤቱን ለፖለቲካ በቀል ለመጠቀም መሞከራቸው ተጠቅሷል። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ለቀቁ።

መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ንጹሕ ነበር ማለታችን አይደለም። በውስጡ በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎችና ማኅበራት ላይ ፋይል የሚይዝ ክፍል ነበረ፤ የተዘጋው በ1973 ነው። ፈተናው የአንድ ፓርቲም አይደለም። በሌላው ፓርቲ ዘመን፣ በ2013፣ ይኸው መሥሪያ ቤት በስማቸው ብቻ እየለየ የመንግሥት ተቃዋሚ የሆኑ ማኅበራትን ማመልከቻ ማጉላላቱን አምኖ ይቅርታ ጠይቋል። በኋላ በ2017 የወጣ የተቆጣጣሪ ሪፖርት ደግሞ በተቃራኒው ወገን ያሉ ማኅበራትም በስማቸው ተለይተው እንደነበር አሳይቷል። ስለዚህ ነው በ1976 የግብር ከፋይን ምስጢር የሚጠብቅ ሕግ፣ በ1998 ደግሞ ፕሬዚዳንቱም ሆነ ባልደረቦቹ «እገሌን መርምሩ» ወይም «እገሌን ተዉ» ብለው እንዳይጠይቁ የሚከለክል ሕግ የወጣው። ሕግ የሚያስፈልገው የሰው ልብ ስለሚደክም ነው።

ወገኖቻችን፣ ቤተ ክርስቲያን የግብርን ሥራ አትንቅም። ማቴዎስ ከቀረጥ መሰብሰቢያው ተጠርቶ ሐዋርያና ወንጌላዊ ሆኗል። ቀራጮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ሲሉት ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ ከታዘዘው በላይ እንዳይወስዱ መከራቸው። ኃጢአቱ በሥራው አይደለም፤ ለሁሉ የተሰጠውን ሥልጣን በአንድ ሰው ላይ ማዞር ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛ ኮሚሽነሮች አይደለንም፤ ግን ሥልጣን የሌለው ማን አለ? አረብኛ የምታውቅ እኅት፣ አዲስ የመጣችውን ልጅ ቃል እንድታስተረጉም ትጠራለች። ማዳሟ በጎን «እንዲህ ብላለች በይ» ብትላት፣ ያ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ነው። አንዳንድ አሠሪዎች ሠራተኛዋ ደመወዟን ስለጠየቀች ብቻ «ጠፍታለች» ብለው ያስመዘግባሉ፤ ሁሩብ የሚባለውን ታውቁታላችሁ። ሕጉ የወጣው ለሥርዓት ነው፤ በቂም ሲሠራበት ግን የሰው ወረቀት ያበላሻል፣ እንጀራ ይቆርጣል። ለዚህ ምስክር ሁኑ ስንባል ከናቡቴ ከተማ ሽማግሌዎች ጋር እንቆጠራለን ወይስ እንለያለን?

በመካከላችንም አለ። የዕቁብ ሰብሳቢ ተራ ያወጣል፤ የማኅበር ጸሐፊ ለታመመ የሚሰጠውን እርዳታ ስም ይመዘግባል፤ የሰበካ ጉባኤ አባል ሙዳየ ምጽዋቱን ይቆጥራል። «እርሷ የእነ እገሌ ወገን ናት፣ ስሟን ዝለለው» ሲባል ዝም ብለን ብንዘል፣ በትንሽ መዝገብ ትልቅ ግፍ ሠርተናል። በሀገር ቤት ባለው ወገንና ጎራ ምክንያት እዚህ በስደት የታመመች እኅት ከዝርዝር እንዳትወጣ እንጠንቀቅ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣብን ሦስት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ በትሕትና ግን በግልጽ «ይህን ማድረግ አልችልም» እንበል። ሁለተኛ፣ ብቻችንን አንሸከመው፤ ለንስሐ አባታችን ወይም ለታመነ ሽማግሌ እንንገር። ሦስተኛ፣ ምስጢሩን ለወሬ አንበትነው፤ በሚገባው ቦታ ስንጠየቅ ግን እውነቱን እንናገር። እምቢታ ዋጋ እንደሚያስከፍል እናውቃለን። ሥራ ያሳጣል፣ ያስቀይማል፤ ትሮወርም ወንበራቸውን አጥተዋል። ስለዚህ እምቢ ያለች እኅት ብትቸገር፣ ቤት ኪራይዋንና ጉሮሮዋን የምንሸፍነው እኛ መሆን አለብን። ካልሆነ ምክራችን ባዶ ነው።

እንደ ናቡቴ ለተገፋችሁም እንላለን፦ ጉባኤው ቢዘጋም እግዚአብሔር መዝገቡን አልዘጋም። ኤልያስን ወደዚያ ወይን ቦታ የላከው እርሱ ነው። ለበደሉትም ቢሆን በሩ ክፍት ነው፤ አክዓብ እንኳ ማቅ ለብሶ ራሱን ባዋረደ ጊዜ ምሕረት አግኝቷል፤ ዘኬዎስም የቀማውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገብቶ በቤቱ መዳን ሆኖለታል።

አምላካችን በእጃችን ባለው ትንሽ ሥልጣን ታማኞች ያድርገን። በሐሰት ወረቀት የታሰሩትን ይፍታልን፤ ደመወዛቸው የተያዘባቸውን ያስብልን። የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።