በ11 ሰዓት በገበያ የቆሙት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ ወይን ቦታው ሠራተኞች ያስተማረውን ምሳሌ (ማቴ. 20፥1-16) ሁላችንም እናውቀዋለን። ባለቤቱ ሠራተኛ ፍለጋ ማልዶ ወጣ፤ ደግሞም በ3፣ በ6፣ በ9፣ በመጨረሻም በ11 ሰዓት ወደ ገበያው ተመለሰ። የወንጌሉ የሰዓት አቈጣጠር ከአገራችን ጋር አንድ በመሆኑ ነገሩ ለእኛ ቅርብ ነው። 11 ሰዓት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ነጋዴው ዕቃውን የሚሰበስብበት፣ ሥራ ፈላጊውም ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የሚያዘግምበት ጊዜ ነው። ባለቤቱ በዚያ ሰዓት ያገኛቸውን ሰዎች ስለ ምን ሥራ ፈትተው እንደ ቆሙ ቢጠይቃቸው የሚቀጥራቸው ሰው እንዳላገኙ ነገሩት። እርሱም ሰነፎች ናችሁ ብሎ አልገሠጻቸውም፤ ወደ ሥራው ላካቸው እንጂ።

ይህን ምሳሌ በዚህ እትም ያነሣነው በመካከላችን ተምረውና ተመርቀው በዚያው ገበያ የቆሙ ወጣቶች ስላሉ ነው።

በአገራችን «የተማረ ይግደለኝ» እየተባለ ለትምህርት ታላቅ ክብር ሲሰጥ ኖሯል። በደርግ ዘመን ከኮሌጅ የወጣ ወጣት በመንግሥት ተመድቦ ወደ ሥራ ይሄድ ስለ ነበር ምረቃና እንጀራ ተለያይተው አይታሰቡም ነበር። ያን ጊዜ በጣት የሚቈጠሩት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ40 በላይ ሆነዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮም ተመራቂው የመውጫ ፈተና እንዲያልፍ ይጠየቃል። ይህን ሁሉ ካለፈ በኋላ ግን ቀድሞ በአራት ኪሎ ጋዜጣ በሳንቲም እየተከራዩ ይነበብ የነበረውን የክፍት ሥራ ማስታወቂያ አሁን በእጅ ስልኩ ሲያነብ፣ «የሥራ ልምድ፦ 2 ዓመት» የሚለው ቃል በሩን ይዘጋበታል። ሥራ ሳይሰጡት ልምድ ከወዴት ያመጣል?

ከእነዚህ ወጣቶች አንዳንዶቹ ብዙ ድንበር አቋርጠው ወደዚህ ደርሰዋል። የምንኖርበት ጀፕስታውን እ.ኤ.አ. በ1886 በጆሃንስበርግ ወርቅ ከተገኘ በኋላ ከተቈረቈሩት ቀደምት ሰፈሮች አንዱ ሲሆን፣ እንጀራ ፈላጊ ሲያርፍበት የኖረ ቦታ ነው። ይሁን እንጂ በዚህች አገር እ.ኤ.አ. በ2024 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ሥራ አጥነት 32.9 በመቶ ነበር። የአገሩ ተወላጅ እንኳ የምረቃ ካባውን ለብሶ፣ ሥራ ስጡኝ የሚል ጽሑፍ ይዞ በትራፊክ መብራት ሥር ሲቆም ታይቷል። በስደተኛው ላይ ደግሞ ሌላ ሸክም ይጨመራል። ዲግሪው በአገሪቱ የትምህርት ማስረጃ ባለሥልጣን መመዘን አለበት። የይግባኝ ሰሚው ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ጥገኝነት ጠያቂዎች እንዳይሠሩና እንዳይማሩ የተጣለውን አጠቃላይ ክልከላ ቢያነሣም፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ የጸናው የተሻሻለው የስደተኞች ሕግ ያንን መብት አጥብቦታል። ቀጣሪውም የጥቂት ወራት ፈቃድ ሲያይ ያመነታል። ስለዚህ ባለ ዲግሪው ብርድ ልብስና መጋረጃ ተሸክሞ በየሎኬሽኑ ይዞራል፤ ወይም ከስፓዛ ሱቅ ብረት ፍርግርግ ጀርባ ይቆማል።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ይህ ሥራ ውርደት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ሕግን ጠንቅቆ የተማረ ሲሆን ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ኖሯል (የሐዋ. 18፥3)። የቆሎ ተማሪያችንም ቅኔ እየተቀኘ፣ አኮፋዳውን አንግቶ በየደጁ ቁራሽ ሲለምን ዕውቀቱ ከቶ አልቀነሰበትም። ከሸክሙ ይልቅ ወጣቱን የሚያደክመው እፍረቱ ነው። ለእናቱ ቢሮ ገብቻለሁ ብሎ ይጽፋል፤ ከቅዳሴ በኋላም «ምን ደረስክ?» የሚለውን ጥያቄ ሽሽት ከቤተ ክርስቲያን ይቀራል። እንግዲህ ጥያቄያችን «ምን እናግዝህ?» ይሁን።

እፍረት ሌላም ፈተና ይወልዳል። የሐሰት ዲግሪና የሐሰት የልምድ ደብዳቤ የሚሸጥ አይጠፋም። ገዢው በአንድ ቀን የ4 ዓመት ድካሙን በሐሰት ይለውጠዋል፤ እውነተኛውም ማስረጃው ከሐሰተኛው ጋር ይጠረጠርበታል። የደቡብ አፍሪካ ምክር ቤት ያወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀው የማሻሻያ ሕግም የትምህርት ማስረጃን ማጭበርበር እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል እንደሆነ ደንግጓል። እግዚአብሔር በሐሰት ደጅ የሚገባ በረከት አልሰጠንም።

ነገር ግን ለወጣቱ ብቻ ተናግረን ብናበቃ ምሳሌውን ከግማሽ እናስቀረዋለን። በምሳሌው ውስጥ 5 ጊዜ የወጣው ሠራተኛው ሳይሆን ባለቤቱ ነው። ሱቅና ጅምላ መደብር ያላችሁ ወገኖች፣ ከቅጽሩ ውጡና ፈልጉ! የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ፣ የዕቃ ቈጠራ የሚያደርግ፣ ከአከራይና ከግብር ሰብሳቢ ጋር የሚጻጻፍ ሰው ያስፈልጋችኋል፤ ይህን የሚያውቀው ልጅ በጓሮአችሁ ጆንያ ያራግፋል። በተማረበት አሠሩት። ሲሄድም የሠራውን ልክ የሚመሰክር ደብዳቤ ፈርማችሁ ስጡት። ያ አንድ ወረቀት የጎደለውን ልምድ ያሟላለታል፤ ከሐሰተኛውም ደብዳቤ ያድነዋል። ወረቀት የለህም ብሎ ደመወዙን የሚያስቀር ሰው ግን ሐዋርያው ያዕቆብ የተናገረውን ያስብ፤ የተከለከለው ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል (ያዕ. 5፥4)።

የአገሩን ልጅም አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ2008 በመላ አገሪቱ ከ60 በላይ ሰዎችን የቀጠፈውን፣ በ2015 እና በ2019 ደግሞ በዚሁ በጀፕስታውን የተነሣውን ሁከት ያየን ሁሉ ቁስሉን እናውቃለን። ሆኖም ያ ሥራ አጥ ወጣት ከእኛ ልጅ ጋር በአንድ ገበያ የቆመ ነው። ከሰፈሩ ልጆች አንዱን ከወገናችን ጋር ብንቀጥር ለሰላም የዘራነው ዘር ይሆናል።

የወይኑ ባለቤት በ11 ሰዓት ለመጡትም የሙሉ ቀን ዋጋ ሰጣቸው። አንድ ሰዓት ቢሠሩም የቤተ ሰባቸው ረኃብ የሙሉ ቀን ነበርና። እናንተም በገበያ የቆማችሁ ልጆቻችን፣ ባለቤቱ ሲመጣ የተገኙት እስከ ማታ ያልሄዱት ናቸው። ማስረጃችሁን አስመዝኑ፤ የፈቃዳችሁን ቀን ጠብቁ፤ ያገኛችሁትን ሥራ በታማኝነት ሥሩ፤ ከጉባኤውም አትለዩ።

የድካማችሁን ዋጋ የማይረሳ አምላክ በሩን ይክፈትላችሁ፤ በስደት ያለነውንም ሁላችንን በፍቅር ይጠብቀን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።