ማየ ዘለፋ በቴሌግራም

ልጆቼ፣ ሰርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ፈረሰ። ድንኳኑ ተከራይቷል፣ ጌሾው ተወቅጧል፣ የጥሪ ካርዱ ታድሏል። ልጅቱን ለልጁ የጠየቅሁት ሽማግሌ እኔ ነበርኩና የልጁ እናት እያለቀሱ ደጄ ድረስ መጡ። ምክንያቱን ስሰማ ከማዘኔ ይልቅ ተቆጣሁ። ለካ ሙሽሪት ጓደኛዋን በሌላ ስምና በሌላ ሴት ፎቶ ቴሌግራም አስከፍታ እጮኛዋን ስታስፈትን ከርማለች። ዐሥራ አንድ ቀን ሲያንገራግር ቆይቶ በዐሥራ ሁለተኛው «እሺ፣ ቡና እንጠጣ» ብሎ ጻፈ። ያቺን አንድ መስመር በስክሪንሾት ይዛ ለአባቷ አሳየች።

ልጁን ነፃ አላወጣሁትም። ቀለበት ያሰረ ሰው ከማያውቃት ሴት ጋር ቡና ምን ያደርግለታል? ግን ቁጣዬ ለእሱ ብቻ አልነበረም። አባታችን ሆይ ባልን ቁጥር ወደ ፈተና እንዳያገባን ፈጣሪን እንለምናለን። ታዲያ እግዚአብሔር እንዲጠብቀን የምንለምንበትን ጉድጓድ ለምንወደው ሰው በገዛ እጃችን ቆፍረን፣ ጠርዙ ላይ ቆመን ሲወድቅ እንጠብቃለን?

ይህን ስላት ልጅቱ ስልኳን አውጥታ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ዝም ብዬ አይደለም፣ ይሄ ሳይንስ ነው» አለችኝ። ያሳየችኝ ወደ አማርኛ የተመለሰ የሰባት ጥያቄ መለኪያ ነው፤ ለካ ልጁ እሱንም ሞልቷል። አርባ ዓመት ጠመኔ የጨበጥኩ ሰው ነኝና ነገሩን የልጅ ልጄን አስፈልጌ አነበብኩት። ዳንኤል ጆንስ፣ ሳሊ ኦልደርባክና ኦሬሊዮ ፊጌሬዶ የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። መላሹ ልቡ ወደ ውስልትና ምን ያህል እንደሚያዘነብል ራሱን ይጠይቅና ከሲቀነስ 3 እስከ ሲደመር 3 ይሞላል። እንደማይያዝ ቢያውቅ ያደርገው እንደሆነ፣ ካደረገውስ ይዋሽ ወይ ይናገር እንደሆነ፣ ወደፊት የሚያገባትን ሚስት ይክድ እንደሆነ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነው። ክፉ ጥያቄ አይደለም። ግን ለጥናት የተሠራ ነው፤ ብዙ ሰው ይሞላዋል፣ ተመራማሪውም የብዙዎቹን ውጤት ያስተያያል። አንድን ሙሽራ ለይቶ ለመፍረጃ አልተሠራም። እጮኛው ዐይን ዐይኑን እያየችው ማን እውነቱን ይሞላል? ወስላታው ንጹሕ የሚያስመስለውን ቁጥር ሁሉ ሞልቶ ፈገግ እያለ ይነሣል፤ ሐቀኛው «እንጃ» ብሎ ዜሮ ላይ ይያዛል።

ደግሞም ሐሳብና ድርጊት ለየቅል ናቸው። አይሴክ አይዘን የሚባል ሌላ ምሁር እንደሚለው፣ ሰው አንድ ነገር ለማድረግ የሚያስበው ነገሩን ሲወድደው፣ የአካባቢው ሰው ምን እንደሚለው ሲመዝንና እችለዋለሁ ብሎ ሲያምን ነው፤ ያሰበውን ለማድረግ ደግሞ አጋጣሚ ያስፈልገዋል። አጋጣሚውን አመቻችታ በሰፌድ ያቀረበችለት ግን ያቺው ፈታኝ ናት።

በኦሪት ዘኍልቍ የቅናት ሕግ አለ። ሚስቱን የጠረጠረ ባል ወደ ካህኑ ይወስዳታል፤ መራራውን ውኃ የሚያጠጣት ካህኑ ነው፣ ፍርዱም የእግዚአብሔር ነው። ባልየው ውኃውን እጓዳው በጥብጦ እንዲያጠጣ አልተፈቀደለትም። (ባልን የሚያጠጣ ሕግ አለመኖሩን እኛ ወንዶች ዝም ብለን እናልፈዋለን።) እመቤታችንም ያን መራራ ውኃ፣ ማየ ዘለፋን፣ መጠጣቷን አባቶች ይነግሩናል፤ የሰጣት ግን ካህን ነው። እናንተ ከሳሹም፣ ካህኑም፣ ውኃ ቀጂውም ራሳችሁ ሆናችሁ።

ከሰባቱ ጥያቄዎች አንዱ ግን እኔኑ ያዘኝ። ገና ከተዋወቅኸው ደስ ከሚል ሰው ፊት ፍቅረኛ እንዳለህ ትደብቃለህ ወይ ይላል። መነጽሬን አወለቅሁ።

በ1975 ዓ.ም. ደሴ አስተምር ነበር። ባለቤቴ አዲስ አበባ የወለደችው ገና አርባ ቀን አልሞላውም፤ ጠይቄያት በአውቶቡስ ስመለስ አንዲት ነርስ አጠገቤ ተቀመጠች። ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መስኮቱን አለበሰው፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ገደሉን አሳየችኝና «ባለትዳር ነህ?» አለችኝ። ቀለበት ያለበት እጄ ጋቢው ውስጥ ነበር። ማውጣት እችል ነበር። «ገና ነኝ» አልኳት። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛች፣ ግማሹን እጄ ላይ አፈሰሰችልኝ፣ «በል ደህና ሁን» ብላ ወረደች። ሌላ ምንም የለም። ቆሎው ግን እስከ ኮምቦልቻ አልወርድልኝ አለ። ለንስሐ አባቴ በዚያው ዓመት ነገርኳቸው፤ ለባለቤቴ ሃያ ዓመት ቆይቼ። «ቆሎውንስ ለምን አላመጣህልኝም?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ቡና አላፈላችልኝም።

ይህን ስነግራችሁ «ጋሼም ያው ናቸው» ብላችሁ እንዳትዝናኑ! እኔ በአንዲት ቃል ሃያ ዓመት ተጨነቅሁ፤ እናንተ የፍቅረኛችሁን ቁጥር «ከበደ ጋራዥ» ብላችሁ መዝግባችሁ እንቅልፍ ይወስዳችኋል። ዐረብ አገር ሠርታ ቤት የምትሠራለትን ሚስቱን በሌሊት በቪዲዮ እየደወለ «ካሜራውን አዙሪና ክፍሉን አሳዪኝ» የሚል ጎረምሳ አውቃለሁ፤ እሱን ማን ያዙርለት? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ እንኳ ባልና ሚስት አንዱ ለሌላው ታማኝ ይሁን ይላል እንጂ አንዱ አንዱን ይሰልል አላለም።

ስለዚህ ያንን መለኪያ ከወደዳችሁት ብቻችሁን በር ዘግታችሁ ሙሉት፤ ከዚያ ቀዳችሁ ጣሉት። ለእጮኛህ አትስጣት፣ ከእጮኛሽም አትቀበዪው። ልጅቱንም ጠይቄያታለሁ፣ «አንቺስ ሞልተሽዋል?» ብዬ። አንገቷን ደፋች። ጓደኛዋን እነዚያን ዐሥራ አንድ ቀን ምን እያልሽ አስጻፍሻት ብላትም አልመለሰችልኝም።

ትናንት ልጁ ደውሎ እንደገና ሽማግሌ ሁንልኝ አለኝ። ቤተሰቧም እሺ ብለዋል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እሄዳለሁ። ሁለቱም ስልካቸውን ደጅ ለእናቷ አስረክበው እንዲገቡ ነግሬያለሁ።